ከስንጥቁ ወዲህ

ልጆቼ ጣናን ከብበው ነው የተቀመጡት። ትልቋ ልጄ ባሕር ዳር ከፋብሪካ ሠራተኛ ባሏ ጋር ትኖራለች። ወንዱ ደልጊ ዓሣ ያጠምዳል። ያሳደግኋት የእኅቴ ልጅ ደግሞ እንፍራንዝ አግብታ እዚያው ታርሳለች። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ የራሴ የምለው ደጃፍ የለኝም። አንዳንዴ በጀልባ፣ አንዳንዴ በመኪና፣ ሐይቁን እንደ መቀነት እየዞርሁ ከአንዱ ወደ አንዱ እላለሁ። "እማማ የሺ መጡ" ሲባል ሕፃናቱ ይሮጡልኛል። "ሄዱ" ሲባል ግን ማንም አይደነግጥም፤ መመለሴን ያውቁታላ።

እንዲህ ለሚዞር ሰው አንድ ልማድ ያስፈልገዋል። የእኔ ልማድ በሰው ቤት አለመናገር ነበር። አማትና ምራት ሲኳረፉ ባይ ዓይኔን ወደ ፈትሌ አወርዳለሁ። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ድንገት እንቅልፍ ይወስደኛል። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ከተባልሁም "እኔ እንግዳ ነኝ" እላለሁ። በዚህች ቃል ስንቱን ነገር አልፌበታለሁ መሰላችሁ! የምጽፍላችሁ ያቺ ቃል ስላልበቃችኝ ቀን ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደሉን ባሌ አመድ ላይ እየጻፈ ነው ያስቆጠረኝ። እናም አነጋገሬ ቢጎረብጣችሁ አጠገባችሁ ተቀምጣ እንደምታወራ ሴት አድርጋችሁ ስሙኝ።

ጊዜው ግንቦት ነው። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ እወርዳለሁ፤ ስወርድ የማርፈው ከይታይሽ ቤት ነው። ይታይሽ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። የመጨረሻ ልጇን ትርንጎን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። ትርንጎ ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብታ የሒሳብ ሥራ ተምራ ነበር። ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ሲያቅታት ዲፕሎማዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ አካፋ ያዘች። የመንደሩ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው በመንደሩ ሥር አልፎ ወደ ጣና ከሚወርደው ወንዝ አሸዋ እያወጡ ይሸጣሉ፤ ሰብሳቢያቸው እሷ ናት። ከወንዶቹ እኩል ትቆፍራለች፣ ትነፋለች፣ ትጭናለች። እጇን ስትጨብጡት እንደ ሞፈር ይሻክራል።

የደረስሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፍል ውኃው ዘንድ አብራኝ ወርዳ ጀርባዬን አሸችኝ።

"እማማ የሺ፣ ባሕር ዳር ከመናኸሪያው ጎን የቆመውን አዲሱን ፎቅ አዩት?"

"አየሁት እንጂ። ቀና ብዬ ሳየው አንገቴን አሳመመኝ።"

"የኔ ነው።"

"የማን አልሽ?"

"የኔ! ከነምሰሶው። አሸዋው ከዚህ የሄደ ነው። ሲያልፉ ግቡና 'የልጄ ቤት ነው' ይበሉ።"

"ዘበኛው ካስገባኝ።"

"ዘበኛው ከከለከለዎትማ እኔንም አያስገባኝም" ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እንዲያው ወሬ ለማድመቅ ያህል ደልጊ ያለው ልጄ የሚለውን ነገርኋት። ነጩ ዓሣ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ወንዞቹ ይሄዳል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ጠጠርና አሸዋ ሲያገኝ ነው። "ማደሪያውን ከላይ ቆፍረው ጨረሱት፣ መረቤ ከዓመት ዓመት እየቀለለ ነው" ይላል ልጄ።

ትርንጎ ማሸቷን አቆመች። "እሱ እኛን ይወቅስ። እኛ ደግሞ ማንን እንውቀስ? ድሮ አሸዋው ከወንዙ መካከል በሽ ነበር። ክረምት ያመጣዋል፣ በጋ እናነሣዋለን። አሁን ከተማው የሚፈልገው ክረምት ከሚያመጣው በለጠ። እሱ ሲያልቅብን ክረምት ከበጋ ከገደሉ ሥር ገባን።"

"ከየትኛው ገደል?"

"ከእማዬ ማሳ ሥር። በድሮ ዘመን የወንዙ አልጋ ነበር መሰለኝ፣ ውስጡ ሁሉ አሸዋ ነው። ዋሻ አድርገነዋል።"

"አይናድም?"

"እስካሁን አልተናደም" አለችና ውኃ ጀርባዬ ላይ አፈሰሰችብኝ። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልሁ።

በማግሥቱ ጉልበቴ ቀለል አለኝ። ይታይሽ ጓሮ ጎመን ስትኮተኩት ምርኩዜን ይዤ ወደ ማሳው ወጣሁ። ማሳው ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው ያለው፤ ለዘር ተገልብጦ ዝናብ ይጠብቃል። ቀደም ብሎ አንድ ሁለቴ ዘንቦ ነበር፤ ላዩ ግን ደርቋል። ከሥር የአካፋው ድምፅ፣ የልጆቹ ፉጨት፣ የገልባጩ መኪና ጉርምርምታ ይሰማኛል። ትርንጎም "ኧረ ሰይድ፣ ትንሽ ወደ ኋላ! አሸዋውን ከነወንዙ ልትወስደው ነው?" ስትል ሰማኋት። ሰይድ ከባሕር ዳር የሚመላለስ ሹፌር ነው። "ወንዙንስ ከፍዬ አልጨርሰውም!" ሲል መለሰላት፤ ሁሉም ሳቁ።

ወደ አፋፉ ጠጋ ብዬ ላያቸው ስሄድ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የማሳው ትልም ሁሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የተሳበው። አንዱ ብቻ ሁሉንም አቋርጦ ከአፋፉ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። "ይህን ደግሞ የትኛው ሰካራም ነው ያረሰው?" አልሁ ለራሴ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ላይ የተገለበጠ አፈር የለበትም። በሬ ያልሳበው ትልም ነው። ምርኩዜን ጫፉን ከተትሁበት፤ ምርኩዙ እስከ እጄ ድረስ ገባ።

ገና ምን እንደ ሆነ ሳላሰላስለው መሬቱ ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ትልቅ ከብት ሲተኛ እንደሚተነፍሰው ነው። ከአፋፉ ፊት ለፊት አንድ ቁራጭ ወደ ታች ሄደ። አቧራ ተነሣ። ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ከታች አንዲት ልጅ "ኡኡ!" ስትል ተሰማ፤ "ትርንጎ! ትርንጎ ገባች!"

በእኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው "ምን ሆነ?" ብሎ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። ገበሬው ሞፈሩን ይጥላል፣ እናት ልጇን ከጡቷ ትነጥላለች፣ ሁሉም ይሮጣል። ለሰው ኡኡታ ያልደረሰ ሰው በራሱ ቀን ደራሽ አያገኝም። ደግ ልማድ ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። የዚያን ዕለት ግን ከመንደሩ ወደ ወንዙ አጭሩ መንገድ በይታይሽ ማሳ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ሁለት ጎረምሶች ናቸው። አጠገቤ እንደ ነፋስ አልፈው፣ ስንጥቁን ሳያዩት ተሻግረው ከአፋፉ ጫፍ ቆሙ። ቁልቁል ለማየት ሲያጎነብሱ ከእግራቸው ሥር የበር ያህል አፈር ተገምጦ ወደቀ። ከታች አንድ ድምፅ ጮኸ፦ "ኧረ እየጨመረ ነው! ከላይ ማነው? ኧረ እየደፋችሁባት ነው!"

ያን ጊዜ ገባኝ። ዘወር ብዬ ወደ መንደሩ አየሁ። መንደሩ በሙሉ እየመጣ ነው። ዶማ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ ባዶ እጁን የሚሮጥ። ከሁሉም ፊት ይታይሽ፤ ነጠላዋ ወድቆ፣ ፀጉሯ ተገልጦ።

"ተመለሱ!" አልሁ። ማን ሰምቶኝ! "ኧረ ቁሙ፣ መሬቱ!" አልሁ። የእኔ ድምፅ ለልጅ ማባበያ የተሠራ ነው፤ ከኡኡታው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም፣ ምርኩዜን ከፍ አድርጌ፣

"በሕግ አምላክ!" አልሁ።

ወጣቶች ይህን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ በድንበር ከጎረቤቱ ተጣልቶ ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር። አንዲት እንስራ ያዘለች መንገደኛ "በሕግ አምላክ!" አለች። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ሴትየዋ ዘመድ አይደለችም፣ ዳኛ አይደለችም፤ እንስራዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። ሰው በሕግ አምላክ ከተባለ ባለበት ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የእሱና የአምላኩ ነው።

ቆሙ። ሩጫው ሁሉ ቀጥ አለ። ያስነሡት አቧራ ግን አልቆመም፤ ደርሶባቸው አለፋቸው።

"ይህ ስንጥቅ ነው። ከዚህ አንድ እግር እንዳታልፉ" አልሁና ምርኩዜን ከፊታቸው ዘረጋሁት። ለሁለቱ ጎረምሶች "እናንተ ደግሞ በደረታችሁ ተኙና እየተሳባችሁ ተመለሱ፣ ልጆቼ" አልኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሎ እንደ እንሽላሊት እየተሳቡ መጡ።

ይታይሽ ከፊቴ ቆማለች። ደረቷ ይወጣል፣ ይወርዳል።

"የሺ፣ ልቀቂኝ።"

"አልያዝሁሽም።"

"ልጄ ናት!"

"የእኔም ናት።"

"አንቺ ክርስትና ነው ያነሣሻት! እኔ በምጥ ነው ያወጣኋት!"

"እውነት ነው" አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

"ያንቺ ልጅ ብትሆን ታቆሚኝ ነበር? ያንቺዎቹ ሐይቁን ከበው በሰላም ተቀምጠዋል። የኔዋ አፈር ውስጥ ናት!"

"ከተራመድሽ ትወድቂባታለሽ፣ ይታይሽ።"

የሰማችኝ አይመስለኝም። ግን ያ ቃል ተብሏል፤ እግሯ አልታዘዛትም። እዚያው ከእግሬ ሥር ዘጭ ብላ አፈር በእፍኟ እየዘገነች ራሷ ላይ ነሰነሰች። ወደ እኔ ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከታች አስቻለው ጮኸ። አስቻለው ከትርንጎ ጋር በአንድ ማኅበር የሚሠራ፣ ቀድሞ በከተማ ግንበኞች ዘንድ የሠራ ልጅ ነው። "ከላይ ማንም አይምጣ! በመሻገሪያው ዙሩ! ሰይድ፣ ሞተሩን አጥፋው፣ መሬቱን እያንቀጠቀጠው ነው! ስፖንዳውን፣ የጎኑን ሳንቃ፣ አውልቀህ አምጣልኝ!" ሞተሩ ጠፋ። ሰዉ ከማሳው ራቅ ብሎ ካለው የከብት መሻገሪያ ዞሮ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔ ግን ከስንጥቁ አልተንቀሳቀስሁም። ኡኡታ ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳልና ከሩቅም ሰው እየመጣ ነበር፤ የመጣውን ሁሉ አስቆማለሁ፣ በመሻገሪያው እልካለሁ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ግን እምቢ አሉኝ።

"እማማ፣ እርስዎ ማነዎት? የዚህ አገር ሰው ነዎት?"

"አይደለሁም። እንግዳ ነኝ።"

"እንግዳ ከሆኑ አርፈው ይቀመጡ!"

"አልቀመጥም" አልሁ። ለራሴም ገረመኝ።

ሰውዬው አዩኝ፤ ምርኩዜን አዩ፤ ስንጥቁን አዩ። ስንጥቁ ከቅድሙ ሰፍቶ ነበር። "ይማሩኝ" ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ዞሩ።

አፋፉ በጎን በኩል ይታጠፋልና ከታች ያለውን ከዚያ ላይ ሆኜ በከፊል አያለሁ። አስቻለው እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ "ድምፅ እንዳይሰማ! ትተነፍስ እንደ ሆነ ልስማ።" የሚያለቅሱት ሴቶች ጥርሳቸውን ነከሱ። ይታይሽ የመቀነቷን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተችው። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ትርንጎ!" አለ።

ምንም።

"ትርንጎ! ሰብሳቢያችን!"

ምንም። አንድ ወፍ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ወፏን በዓይኑ ገላመጣት።

ከዚያ አስቻለው ጆሮውን አሸዋው ላይ ለጠፈና ፊቱ ተለወጠ። "ወንፊቱ! ወንፊቱን እየቧጠጠች ነው!" አለ። የሽቦ ወንፊቱ፣ ያ አሸዋ የሚነፉበት ትልቁ፣ ከዋሻው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አፈሩ ሲወርድ በላይዋ ተጋድሞ ለትንፋሿ ያህል ክፍት ቦታ ጠብቆላታል።

ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ አስቻለው በእጁ ከለከላቸው። ሥራው ገና ነው። አካፋ እንዳይነካት ብለው በእጅና በሣሕን ነበር የሚዝቁት። የሰይድን ስፖንዳ ጣውላ አድርገው ግድግዳውን ደገፉት፤ ጥቂት ይዝቃሉ፣ ይደግፋሉ፣ ደግሞ ይዝቃሉ። የተዛቀውን ሴቶቹ በሳፋና በማዳበሪያ ከረጢት እየተቀባበሉ ወደ ወንዙ ይደፉታል። ማንም አይሮጥም። ያን የመሰለ ቀስታ በዕድሜዬ አላየሁም። መሮጥ የሚፈልግ ሕዝብ በእንብርክኩ ሲሄድ አስቡት።

ፀሐይ ዞረች። በጉና ተራራ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። ነፋስ መጣና እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ይታይሽ ቀና ብላ ደመናውን አየች፤ ከዚያ ስንጥቁን አየች፤ ከዚያ እኔን። እኔም "እመብርሃን፣ ትንሽ ያዢልን፣ ትንሽ ብቻ" እያልሁ ቆምሁ። አንድ ጠብታ እጄ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ አንድ ሌላ። ከታች የአስቻለው ድምፅ፣ "ቀስ... ቀስ... አንገቷን ያዝ... ወንፊቱን አትሳብ፣ አንሣው..."

መጀመሪያ የታየው ማተቧ ነው። ከዚያ አሸዋ የለበሰ ፊቷ። ሳለች፣ ደጋግማ ሳለች። ዓይኗን ሳትገልጥ የተናገረችውን ከታች ያሉት ሲስቁና ሲያለቅሱ እየተቀባበሉ ወደ እኛ አደረሱት።

"ሰይድ፣ መኪናው ሞላ?" ነው ያለችው።

"ሞልቷል፣ እናቴ! ሞልቷል! አንቺን ብቻ ነው የሚጠብቀው!" አለ ሰይድ።

እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ ጎኗም ተጎድቷል። ከመኪናው ላይ በተጫነው አሸዋ ላይ ሸራ አንጥፈው አስተኟት። ሊገድላት የነበረው አሸዋ ፍራሽ ሆኖ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት አደረሳት። ይታይሽ አብራት ተጫነች። እኔን ዘወር ብላ አላየችኝም።

ሰዉ ከወንዙ ወጥቶ ገና ወደ ቤቱ ሲበተን ዝናቡ ወረደ። ስንጥቁን ለቅቄ አንዲት ዋንዛ ሥር ተጠልዬ ሳለሁ ገደሉ ከነግማሽ ማሳው ወደ ወንዙ ሄደ። አዋጅ እንደ ሰማ ሕዝብ፣ ልክ እስከ ስንጥቁ ድረስ ሄዶ ቆመ።

በማግሥቱ ከወረዳው የማዕድን ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት፤ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን እየረገጠች ገደሉን ለካች፣ አስቻለውንም ጠየቀችው። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥታ ቁጢጥ አለች።

"እማማ፣ ትናንት በሕግ አምላክ ብለው ሰዉን አቆሙት አሉኝ።"

"አዎ፣ ልጄ።"

"በየትኛው ሕግ ነው ያቆሟቸው?" አለችና ፈገግ አለች፤ ግን ዓይኗ ውስጥ እንባ ነበር። "እኔኮ ከገደል ሥር መቆፈር የሚከለክለውን ሕግ ይዤ ስመላለስ ነው የከረምሁት። ፈርመው ይቀበሉኛል፣ ሻይ ይጋብዙኛል፣ እኔ ስሄድ ይቆፍራሉ። እርስዎ ጽሑፍ የለዎት፣ ማኅተም የለዎት።"

"ያንቺ ሕግ ትክክል ነው፤ ቢሰሙሽ ኖሮ ማሳው ባልሄደ ነበር። የእኔ ግን ከእኔ የመጣ አይደለም። ሁሉም ከመወለዳቸው በፊት የተስማሙበት ነው። የራሳቸውን ነው ያስታወስኋቸው" አልኋት።

"ታዲያ ወንዙንስ እንዴት የራሳቸው ሕግ እናድርገው?" አለችኝ። አብረን ገደሉን እያየን ተቀመጥን።

ትርንጎ በክራንች መሄድ ስትጀምር የመንደሩ ሰውና ማኅበሩ ከወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። ባለሙያዋም መጣች። አንዱ "ይዘጋ! ልጆቻችንን አንገብርም" አለ። አስቻለው ተነሥቶ "ወንዙን ከዘጋችሁ የእኛንም ጉሮሮ ዝጉት። የተማርነው ለዚህ ነው? ሌላ ሥራ ያለው ይስጠንና ይዝጋው" አለ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ስለዚህ ጭቅጭቁ አላልቅ አለ። በመጨረሻ እኒያ ጋቢ የለበሱት ሰውዬ ተነሡ። "መሬት ሲደክም ምን እናደርጋለን? ጦም እናሳድረዋለን። ወንዙም ጦም ይደር።"

"ወንዙ ጦም ሲያድር እኛስ?" አለ አንዱ ቆፋሪ፤ ሳቅ ሆነ።

ትርንጎ ክራንቿን ተደግፋ ቆመች። "የሚገድለው ረኀብ ነው እንጂ ጦም አይደለም። ጦም መፍቻ አለው። መፍቻውን ንገሩን እንጂ ጦሙንስ እንጦማለን" አለች።

ባለሙያዋ ደብተሯን ዘጋችና እንደ እነሱ መናገር ጀመረች። የጦሙ ወራት ወንዙ የሚሞላበት ክረምት እንዲሆን፤ መፍቻው ውኃው ጎድሎ አዲሱ አሸዋ ሲረጋ እንዲሆን፤ በመፍቻውም ክረምት ያመጣው ብቻ እንዲነሣ፣ ከአልጋው መካከል እንጂ ከገደሉ ሥር አንድ አካፋ እንዳይነካ። በጦሙ ወራት ደግሞ ወጣቶቹ ከመንደሩ በላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ ጠርበው እንዲሸጡ ፈቃዱን እንደምትከታተል ነገረቻቸው፤ እሱንም በእርከን፣ የተቆፈረውን እየሞሉ።

ያን ጊዜ እጄን አወጣሁ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። "ደልጊ ልጅ አለኝ። ዓሣ አጥማጅ ነው። ነጩ ዓሣ ሽቅብ የሚወጣው ልክ በዚያው በክረምት ነው። ጦሙ ለእሱም ይበጀዋል" አልሁ።

"ዓሣም ስብሰባ ገባ?" አለ አንዱ ቀልደኛ።

"ይግባ፤ እሱ ቢያንስ ቃለ ጉባኤ አያስረዝምም" አለች ትርንጎ።

እንዲህ ተስማሙ። ሁሉ ነገር አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። ገቢያቸው ቀንሷል። ርካሽ አሸዋ የሚሻ መኪና ወደ ሌላ ወንዝ ሄዷል፤ እዚያም ገደል ሥር የሚቆፍር የሰው ልጅ አለ። ትርንጎ ታነክሳለች። ደልጊ ያለው ልጄም "ዓሣው ተመለሰ?" ስለው "ገና ነው፣ እማዬ፤ ዓሣ በአንድ ክረምት አያድግም" ይለኛል። የተለወጥሁት እኔ ነኝ። መዞሬን አልተውሁም፤ ዝምታዬን ግን ትቼዋለሁ። ደልጊ ስሆን ስለ ቆፋሪዎቹ እናገራለሁ፣ ወንዛዬ ስሆን ስለ አጥማጆቹ፣ ባሕር ዳር ስሆን ስለ ሁለቱም። አማቼ ቤቱን ሲያድስ "አሸዋው ከወንዙ አልጋ ነው ከገደል ሥር?" ብዬ ሻጩን ስጠይቀው አማቼ ሳቀብኝ። ሻጩ ግን አልሳቀም፤ ያውቀዋል።

እናንተም ጠይቁ። ግድግዳችሁን አንኳኩና ከየት እንደ መጣ ጠይቁ። ክፉ ሰው ፈልጉ አይደለም የምላችሁ። እኔ ያን ዕለት ከስንጥቁ ላይ ቆሜ ክፉ ሰው አላየሁም። ከተማው ቤት ይፈልጋል፣ ወጣቱ እንጀራ ይፈልጋል፣ ሕዝቡ ልጅቷን ማዳን ይፈልጋል። ሁሉም በደግ ልብ ነበር የሚሮጠው። የሚሮጥ ሰው ግን የረገጠውን መሬት አያይም፤ እኔም ያየሁት ጉልበቴ ስላዘገመኝ ነው።

ይታይሽ ከሐኪም ቤት ከተመለሰች በኋላ ለብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር ቃል አልተነጋገረችም። ትመግበኛለች፣ ታስተኛኛለች፣ አትናገረኝም። ወደዚያ ማሳም እግሯን አላነሣችም ነበር። ከስብሰባው ስንመለስ ግን ድንገት በማሳው በኩል ታጠፈች፤ ተከተልኋት። መሬቱ ካለቀበት ቆማ ቁልቁል ወንዙን አየች።

"ያን ቀን ወዴት ነበር የምሮጥ?" አለችኝ።

በምርኩዜ አሳየኋት። ከፊታችን፣ አየር ላይ።

"እዚያ?"

"እዚያ።"

ወንዙ ከታች ይሄዳል።

"እኔ ነበርሁ የምቀብራት" አለች።

እጇን ያዝሁ። ከዚያ ሁለታችንም ከአፋፉ ተመልሰን፣ ዞረን፣ በመሻገሪያው ወረድን።